ቀዩ አይነበብም

መጽሐፍ እንዴት እንደሚከፈት ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ዲግሪ ያላቸው መምህራን ሞልተው በነበሩበት ዘመን፣ ልጆችን በማውጫ፣ በአርእስትና በሥዕል ግርጌ ጽሑፍ እየመራሁ የሚፈልጉትን ነገር ከመጽሐፍ ሆድ መዝዘው እንዲያወጡ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። መምህራኑ ልጁን ከመጀመሪያው ገጽ ጠምደው እንደ እርሻ በሬ ወደፊት ብቻ ይነዱት ነበር። የእኔ ልጆች ግን በበሩ ገብተው በቀጥታ ወደሚፈልጉት ጓዳ ይሄዱ ነበር። በበሩ የማይገባ ሌባ ነው ያለው ጌታችን ነው፤ የመጽሐፍ በሩ ደግሞ ማውጫው ነው።

የተወለድሁ ይፋግ ነው። ፊደልና ዳዊት ከቄስ ተማርሁ፤ ከዚያ አባቴ ለእርሻ ፈልጎኝ ከዜማ ቤት በጆሮዬ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ በኋላ ያወቅሁት ሁሉ የራሴ ድካም ነው። ጎልማሳ ሆኜ ሐሙሲት ገበያ ዳር በነበረ ወፍጮ ቤት ተቀጠርሁ። ሞተሩ ከባሕር ማዶ ሲመጣ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አብሮት መጥቶ ነበር። ባለቤቱ ግን "የፈረንጅ ቋንቋ ማን ሊያነበው" ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። አንድ የገበያ ቀን የሥራ ጓደኛዬ ቺንጋው ላይ የተጠመጠመ የጆንያ ብጣሽ ሊያላቅቅ ሞተሩ ሳይጠፋ እጁን ሰደደ። ቺንጋ ማለት የሞተሩን ኃይል ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ሰፊ ጠፍር ነው። ክንዱን እስከ ትከሻው ጠቅልሎ ወሰደው። ሴቶቹ ጤፋቸውን ጥለው እየጮኹ ሸሹ። እሱ ግን አልጮኸም። ክንዱ የነበረበትን ቦታ እያየ "የት ሄደ? የት ሄደ?" ይል ነበር። ዱቄቱ በደሙ ተለውሶ እግራችን ላይ ተጣበቀ።

ሳይሰነብት ሞተ። ከቀብር መልስ ሳጥኑን በመዶሻ ሰበርሁና መጽሐፉን አወጣሁት። ቋንቋውን ሳላውቅ አነበብሁት ብል የሚስቅ ይሳቅ። ሥዕሉ ቁጥር አለው፤ ያው ቁጥር ከግርጌው ካለው ጽሑፍ ጋር ይደገማል፤ ከፊት ያለው ዝርዝር ደግሞ እያንዳንዱ ነገር በስንተኛው ገጽ እንደሚገኝ ይናገራል። እንዲህ እያልሁ ሳገላብጥ፣ ቺንጋ አጠገብ የተዘረጋ የሰው እጅ በቀይ መስመር ተሰርዞ አገኘሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የሚገባው ሥዕል ነበር። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሰው ሞተ። ባለቤቱን በዚያው መዶሻ ያልመታሁት እግዚአብሔር እጄን ስለያዘው ነው። በጥፊ ግን ዱቄቱ ላይ ዘረርሁት፤ በዚያው ሥራዬን ትቼ ባሕር ዳር ገባሁ።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በዐሥረኛው ዓመት ገደማ እኔ በከተማው የታወቅሁ የሞተር ጠጋኝ ነበርሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ከዋርካ ሥር ልጆች እሰበስባለሁ። የካህናቱ ልጆች "የኔታ" ይሉኛል፤ ክህነት ባይኖረኝም ይገባኛል ብዬ እቀበላለሁ። ለሥራ ከየአገሩ የመጡት የደመወዝተኞች ልጆች "ጋሼ" ይሉኛል። የደብሩ አለቃ አንድ ቀን መጥተው "በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዓለማዊ መጽሐፍ ታነባለህ አሉ" ብለው ተቆጡ።

"አባታችን፣" አልኋቸው፣ "ጌታ በናዝሬት ምኵራብ መጽሐፍ ሲሰጡት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበነበ? የለም። ፈታና ስለ እርሱ የተጻፈበትን ስፍራ አገኘ። እኔም ስፍራ ማግኘትን ነው የማስተምር። ደግሞስ አባቶቻችን በብራናው ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር የሰፉት ለጌጥ ነው? ሥዕሉና ምዕራፉ ያለበትን እጅ ዳብሶ እንዲያገኘው አይደለም?"

አለቃው ጢማቸውን ዳበሱ። "አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ታንኳ ላይ ቢያስሩት ያለ ቀዛፊ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ይደርሳል" ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። የቀበሌው ሰው ሲመጣ ደግሞ "መሠረተ ትምህርት ነው፣ ጓድ" አልሁት፤ እሱም ሄደ።

የማስተምርበት መጽሐፍ የመጀመሪያ ርዳታ መጽሐፍ ነበር። ሞተር ብስክሌቱን የጠገንሁለት አንድ ጤና ረዳት የሰጠኝ ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከፊቱ ማውጫ፣ በየገጹ ደማቅ አርእስት፣ ቁጥር ያለው ሥዕል፣ ከሥዕሉ ግርጌ መግለጫ፣ ከመጨረሻው የቃላት መፍቻ ያለው መልካም መጽሐፍ ነው። ማስጠንቀቂያው በቀይ ቀለም ተጽፎ በሳጥን ተከቧል። እኔም እንደ ብራናው በየክፍሉ ጠርዝ የቀለም ክር ሰፋሁበት። ከዚያ ልጆቹን አስቀምጬ "እባብ ነደፈው!" ብዬ እጮኻለሁ። መጽሐፉ የደረሰው ልጅ እኔ ሌሎቹን ሳስጨበጭብ ገጹን ማግኘት አለበት። ጭብጨባው ቀድሞት ካለቀ አርጩሜው ባቱ ላይ ያርፋል። ዛሬ ልጅ አይመታም ይላሉ። የኔዎቹ ግን ሲመቱ ይስቁ ነበር፤ ሲያገኙ ደግሞ እንደ ሠርገኛ እልል ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ፍጥረቱን በየወገኑ ለይቶ ስም እንዲወጣለት ያደረገ አምላክ ነው እላቸዋለሁ፤ አርእስት የሌለው መጽሐፍ ግን ከብርሃን በፊት እንደ ነበረችው ምድር ባዶ ነው።

ከሁሉ የሚቀድሙ ሁለት ነበሩ። አንዱ የቄስ ልጅ፣ ድምፁ ያልጎረነነ ዲያቆን ነው። ሌላዋ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የሂሳብ ሹም ልጅ ናት። አንድ እሑድ "አጥንቱ ተሰበረ!" ስል እሷ ቀደመችው።

"ሴት መቅደስ አትገባ፣ መጽሐፍ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት!" አላት።

"አንተ ቁራሽ ለማኝ! ውሻ ያባረረህ!" አለችው።

"የከተማ አይጥ!"

ድንጋይ አንሥታ ግንባሩን ፈነከተችው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልጆቹ መጮህ ሲጀምሩ "ዝም! ገጹን ፈልጉ!" አልሁ። የፈነከተችው ራሷ ገጹን አወጣች፤ በሥዕሉ መሠረት ቁስሉን በነጠላዋ ጫፍ ተጭና አሰረችው። እሱም እያለቀሰ "የግርጌውን አላነበብሽም፣ ጠበቅ አድርጊው ይላል" እያለ ያርማት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። እንዲህ ዓይነት ትምህርት በየትኛው ኮሌጅ ይገኛል?

ልጅቱ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ረጅም፣ ተጫዋች ልጅ። ትምህርት ሲያልቅ ሊወስዳት ይመጣና የኔን ጩኸት ሰምቶ "ጋሼ፣ ዛሬስ ማንን ገደሉ?" ይለኝ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወጣት ያለው ቤት እንቅልፍ አልነበረውም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ወጣት ከገበያም ከኳስ ሜዳም እየታፈሰ ወደ ሰሜን ይጫናል። እናቱ ቀን ቀን ቁም ሣጥን ጀርባ ትደብቀው ነበር። እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ማንም አይነካኝም ብሎ ይወጣል።

እንዲህ ባለ እሑድ፣ ልጆቹን አስቀምጬ "ውሃ ውስጥ ሰጠመ!" ብዬ ሳልጨርስ ከገበያው በኩል ተኩስ ተሰማ። ልጆቹ እንደ ቆቅ ተበተኑ። ዲያቆኑና ልጅቱ ብቻ ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ከሐይቁ ዳር የደንገል ሣር ውስጥ ብቅ አለ። አንድ እግሩን እየጎተተ ነው። ሱሪው ከጭኑ በታች ጠቁሯል፤ በተራመደ ቁጥር ደሙ በጨርቁ ቀዳዳ ዘለል ይላል።

"ጋሼ፣" አለኝ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ሊስቅ እየሞከረ፣ "ዛሬስ እኔ ነኝ።" ብሎ ወደቀ።

ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደረቅ ደንገል የሚያከማቹበት ዳስ አጠገባችን ነበር። ጎትተን አስገባነው። ጥይቱ በጭኑ ጎን ገብቶ በኋላው ወጥቷል። ልጅቱ እንዳይጮኽ ነጠላዋን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀች። ወንድሟ ቁስሉ ካልታሰረ ደሙ አልቆ እንደሚሞት፣ ከተገኘ ደግሞ እንደሚወሰድ ሦስታችንም አውቀናል።

"ገጽ!" አልሁ።

ዲያቆኑ ማውጫውን ከፈተ፣ ጣቱ ወረደ፣ ክሩን ያዘ፣ ገለጠ። እኔ ምራቄን ሳልውጥ አገኘው። በእውነቱ ኮራሁበት። በቅዳሴ ድምፁ ያነብ ጀመር፤ "ቀበቶ ወይም ሰፊ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ እሰር። በቋጠሮው ውስጥ እንጨት አግባ። ደሙ እስኪቆም አዙር።" ቀበቶዬን ፈትቼ አሰርሁ፤ ከታንኳ ሠሪዎቹ እንጨት አንዱን አግብቼ አዞርሁ። ልጁ ነጠላውን በጥርሱ ቀደደው፤ ተረከዙ መሬቱን እየደበደበ ጉድጓድ ማሰ። እስከ ክርኔ በደም ብነከርም እንጨቱን አልለቀቅሁም። ደሙ ቆመ። ተመስገን ብለን ደንገል ከመርንበት።

ወጣት የሚያፍሱት የቀበሌ ታጣቂዎች፣ አብዮት ጥበቃዎቹ፣ ያመለጣቸውን ልጅ በሐይቁ ዳር ይፈልጉ ነበር። ደንገሉ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ አግኝተው "የት ገባ?" እያሉ ደበደቡት። አላየሁም ባለ ቁጥር ዱላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ፣ ርጥብ ቆዳ ሲደለቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማን ነበር። በመጨረሻ ጩኸቱ ቆመ። እነሱ ግን አልሄዱም።

ጥላው ሲረዝም እጄን በደንገሉ ሥር ሰድጄ የልጁን እግር ዳበስሁ። እንደ ዓሣ ቀዝቅዟል። ገለጥ ባደርገው አመድ መስሏል። "ጋሼ፣ እግሬን አጣሁት" አለኝ። መጽሐፉን ከዲያቆኑ እጅ ነጠቅሁ። ከሥዕሉ በታች ቀዩ ሳጥን አለ።

"ይህን አንብበኸዋል?"

"አላነበብሁም።"

"ለምን?"

"ቀዩ አይነበብም፣ የኔታ።"

በቡጢ አልሁት። ጭንቅላቱ ከምሰሶው ተጋጨ። ከዚያ ገባኝ። በመጽሐፈ ቅዳሴው በቀይ የሚጻፈው "ይህን ካህኑ ይበል፣ ይህን ሕዝቡ ይበል" የሚለው ነው። እሱ ለአንባቢው ምልክት ነው እንጂ ድምፅ አይሰጠውም። ይህ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ቀዩን ጮክ ብሎ ባነበበ ቁጥር በመቋሚያ ጫፍ ጎኑን እየተወጋ ያደገ ነው። እኔ በዚህ መጽሐፍ ቀይ ማለት መጀመሪያ እኔን አንብብ ማለት ነው ብዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ምስክሮች አሉኝ። ሰው ሲደነግጥ ግን ወደ መጀመሪያ መምህሩ ይመለሳል። ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ የሱም አልነበረም።

ልጅቱ መጽሐፉን ከእጄ መነተፈችና አነበበችው። በመጀመሪያ ቁስሉን በእጅ ተጫን፤ ማሰሪያ የሚታሰረው መጫኑ አልሆን ሲል ብቻ ነው፤ የታሰረ እግር ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይድረስ፤ አለዚያ እግሩ ይሞታል ይላል።

እንጨቱን ቀስ ብዬ ፈታሁት። ደሙ ዘለለ። ልጅቱ ጭብጧን ቁስሉ ውስጥ ከታ በደረቷ ተደገፈችበት። ወንድሟ እንደ ታረደ ወይፈን ተንፈራገጠ። እሷ አልተነቃነቀችም። ደሙ በጣቶቿ መሐል ጥቂት ፈሰሰና ቆመ። እግሩ ደም ሲመለስበት ልጁ በሕመም አለቀሰ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

"አሁን ሐኪም" አለች።

"በታንኳ እናሻግረው፣" አልሁ፣ "ቁንዝላ ቁስል የሚያክም የማውቀው ሰው አለ።"

"የኔታ፣ በዚህ ነፋስ?" አለ ዲያቆኑ፣ ግንባሩን እንደያዘ። "ሳንደርስ ይነጋል።"

ሆስፒታሉ ከተማው ውስጥ ነው፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአብዮት ጥበቃዎቹ በኩል ነው። ልጅቱ የወንድሟን ፊት አየች። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው።

"ጋሼ፣ ይጥሯቸው" አለችኝ።

"ይወስዱታል እኮ፣ ልጄ።"

"ሲሞት ከማየው ይውሰዱት። ካልጠሩ እኔ እጮኻለሁ።"

ወጥቼ ጠራሁ። ሁለት ሆነው መጡ። ፊተኛው ምንም ሳይጠይቅ በጠመንጃው ሰደፍ አገጬን መታኝ። ጥርሶቼ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሹ። ዲያቆኑን ረግጦ አለፈ፤ ደንገሉን በተነ፤ ልጅቱን በጫማው ትከሻዋን መታት። ጭብጧን አላነሣችም።

"ተነሽ!"

"ካነሣሁት ይሞታል። ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት!"

"ለኮብላይ ሐኪም? ጎትተው!" አለ ጓደኛውን።

ደሜን ተፋሁና መጽሐፉን ፊቱ ላይ ያዝሁለት። "ጓድ፣ ማንበብ ትችላለህ?"

"ምን ማለትህ ነው! በመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለኝ!"

"እንግዲያው ቀዩን አንብብ።"

ሁለተኛው ሳቀ። ይህ ነው እልህ ያስያዘው። ጠመንጃውን ብብቱ ሥር አስገብቶ ጣቱን ፊደሉ ላይ አኖረ፤ "የ… ታ… ሰረ እግር…" እያለ ላቡ ጠብ እስኪል ድረስ ሁሉንም አነበበ። ሲጨርስ ልጅቱን አየ፣ እግሩን አየ።

"እግር የሌለው ወታደር ምን ይሠራል" አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። "ጋሪ አምጣ።"

መሣሪያ የያዘ ሰው ለወረቀት ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያስታዘዝሁትም እኔ ነኝ። ልጅቱ ጭብጧን ሳታነሣ ጋሪው ላይ ተንበርክካ እስከ ሆስፒታሉ ደረሰች። ሐኪሙ እግሩን አተረፈው። አልጋው አጠገብ ዘበኛ ቆመበት። ዳነ፤ በምርኩዝ ሄደ፤ ከዚያ ያለ ምርኩዝ ሄደ። በደንብ ሲሄድ መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት።

መርዶው የመጣው በቀጣዩ ክረምት ነው። ልቅሶ ቤት ስገባ እናትየዋ ደረቷን ትደቃ ነበር፤ ፊቷን በጥፍሯ ቧጥጣ ደሟ ወደ አንገቷ ወርዷል። ልጅቱ ጥግ ላይ ነበረች። ስታየኝ ተነሣች።

"ቀዩ ሳይነበብ ቢቀር ኖሮ፣" አለችኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "ወንድሜ በአንድ እግሩ እዚህ ይቀመጥ ነበር።"

"ወይም ሞቶ ነበር፣ ልጄ። መጽሐፉ የሚያውቀው እግሩን ነው። የቀረውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።"

ደረቴን በጭብጧ መታችኝ። ደጋግማ መታችኝ። ሴቶቹ ሊይዟት ሲመጡ ተዉአት አልኋቸው። ክርስቶስን የሚያውቅ ሰው ይህን ያህል መቻል አለበት። ትንሽ ልጅ ብትሆንም ክንዷ ብርቱ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ጥቁር ለብሳ ዋርካው ሥር መጣች። ልጆቹ ቦታ ለቀቁላት። ማንንም ሳታይ መጽሐፉን ከዲያቆኑ ጭን ላይ አነሣች፤ ማውጫውን ሳታይ በክሩ ብቻ ገጹን አገኘች። ከሥሩ ይዛ ቀደደችው። ከነሥዕሉ፣ ከነቀዩ፣ እየቆራረጠች ጉንጯ እስኪወጠር አፏ ውስጥ ከተተችው፤ አኝካም ሐይቁ ዳር ሄዳ ተፋችው። ገጽ ያጠፈ ልጅ ባቱ በአርጩሜ እንደሚላጥ ሁሉም ያውቃሉ። ልጆቹ እኔን ያያሉ። አርጩሜዬን ይዤ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ተመልሳ ዲያቆኑ አጠገብ ተቀመጠች።

"ቀጥሉ፣ ጋሼ" አለችኝ።

"እሳት አቃጠለው!" ብዬ ጮኽሁ።

መጽሐፉ ዛሬም ቤቴ አለ። የልጅ ልጆቼን የማስተምርበት በሱ ነው፤ ትምህርት ቤታቸው የሚሰጣቸው ነገር ስለማያረካኝ። ብልሆች ናቸው፤ በእኔ ወጥተዋል። ስለ መድማት ሲፈልጉ ማውጫው አለ ይላቸዋል፤ ቁጥሩን ተከትለው ሲሄዱ ገጹ የለም። "አባባ፣ ማውጫው ዋሸ" ይሉኛል። አልዋሸም እላቸዋለሁ። አስቀምጣቸውና ያን ገጽ ከአርእስቱ እስከ ግርጌው በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ ቀዩን አስቀድሜ።